ሁለተኛዋ ትበላለች

መጠርጠር በእኛ ቤት ከአባት ወደ ልጅ የሚወርድ ርስት ነው። አባቴ፣ ነፍሱን ይማረውና፣ ሥጋ ገዝቶ ሲመለስ ከሥጋ ቤቱ አጠገብ ያለ ወርቅ ቤት ጎራ ብሎ ያስመዝነው ነበር። ወርቅ ሠሪው «አባቴ፣ እዚህ የሚመዘነው ወርቅ ነው» ሲለው፣ «ታዲያ ዋጋው ምን ለየው?» ብሎ አፉን ያስይዘዋል። ሚዛኑ ልክ ሆኖ ከተገኘማ የባሰ ነበር፤ «ተመካክረዋል» እያለ ሲብሰለሰል ያመሻል። እኔ የዚያ ሰው የበኩር ልጅ ነኝ። እንግዲህ የምነግራችሁን ሰምታችሁ ልትፈርዱብኝ ከሆነ አባቴንም አብራችሁ አስገቡት።

ሥራዬ የሕንፃ ፕላን መሥራት ነው። ጊዜው ከተማው በሙሉ የሚቆፈርበት ጊዜ ነበር። ጠዋት ስትሄድ ባዶ የነበረ ቦታ ማታ ስትመለስ በቆርቆሮ ታጥሮ ይጠብቅሃል፤ ከቆርቆሮው ጀርባ ደግሞ የሆነ ቦታ አንድ እንደኔ ያለ ሰው ዓይኑ እስኪቀላ ፕላን እየሣለ ነው። ቢሮዬ ቦሌ ነው፣ ቤቴ ቦሌ አራብሳ። ሁለቱም ቦሌ መባላቸው መንገዱን አላሳጠረውም። በታክሲ ሰልፍ ተጋፍቼ፣ ዕጣ ወጥቶልን የገባንባት ኮንዶሚኒየም ስደርስ፣ የሚያሳርፈኝ አንድ ነገር ብቻ ነበር፤ በኮምፒውተር የምጫወተው የመኪና ውድድር። በሕይወቴ መኪና ኖሮኝ አያውቅም። እዚያ ግን ቀይ መኪና አለችኝ፤ ሰልፍ የለ፣ ረዳት የለ፣ «ጠጋ ጠጋ በሉ» የሚል የለ።

ለዚህች ጨዋታ ብዬ ነው ከብሩክ ግራፊክስ ካርድ የገዛሁት። ብሩክ አብሮ አደጌ ነው፤ መገናኛ አካባቢ የኮምፒውተር ዕቃ ይሸጣል። ካርዷ በኮምፒውተሩ ሆድ ውስጥ የምትሰካ፣ ማራገቢያ ያላት ጠፍጣፋ ነገር ናት፤ ሥዕሉን ሁሉ የምትሠራው እሷ ናት፤ የራሷም ሜሞሪ አላት። ብሩክ ሲያስረዳኝ፣ «ሜሞሪውን ትሪ በለው። ስክሪን ላይ የምታየው ነገር በሙሉ መጀመሪያ እዚህ ትሪ ላይ ይቀርባል። ትሪው ከሞላ አዲስ ነገር ማቅረብ አይቻልም፣ ጨዋታህ ይንቀራፈፋል» አለኝ። ገባኝ። ካርዷም ለወራት ቀጥ ብላ አገለገለችኝ፤ ጠረጠርኳት እንጂ ምንም አላጎደለችም።

ነገሩ የተበላሸው በአንድ ሳምንት ሁለት እንግዳ ቤታችን ሲገባ ነው።

አንደኛዋ አማቴ ናቸው። ባለቤቴ ሌሊሴ የመጀመሪያ ልጃችንን አርግዛ ቀኗ ገፍቶ ስለነበር እናቷ እማማ ብርቄ ከቦሌ ቡልቡላ ጓዛቸውን ይዘው መጡ። እማማ ጤፍ ይዘሩበት የነበረው መሬት ላይ ዛሬ ኮንዶሚኒየም ቆሟል። የቀረቻቸውን ግቢ ደግሞ ሜትር የያዙ ሰዎች መጥተው «መንገዱ ትንሽ ይበላዋል» አሏቸው። መንገዱ ሲመጣ አጥሩን፣ ጓዳውንና የከብት ማደሪያውን በላው። ከዚያ ወዲህ እማማ «ትንሽ» የሚል ሰው አያምኑም፤ «ይበላል» የሚል ቃል ከሰሙ ደግሞ ጆሯቸው ይቆማል። በሕይወቴ በጥርጣሬ የሚስተካከለኝ ሰው አግኝቼ አላውቅም ነበር። አማት ሆነው ተገኙ።

ሁለተኛዋ እንግዳ ስክሪን ናት። ሥራ ስለበዛ አለቃዬ «ቤትህ እየወሰድክ ሥራ» ብሎ በቢሮ ያረጀች ሁለተኛ ስክሪን አሸከመኝ። ከመጀመሪያዋ አጠገብ ሳሎኑ ጥግ ገተርኳት። እማማም የሚተኙት ሳሎን ሶፋው ላይ ስለነበር እሳቸውና ስክሪኗ ፊት ለፊት ተፋጠጡ። ዲሽ ገና አላስገባንም። አማት ቀኑን ሙሉ ግድግዳ እንዲያዩ ማድረግ ነውር ነው ብዬ ብሩክ በፍላሽ የሰጠኝን በአማርኛ የተተረጎመ የባሕር ማዶ ተከታታይ ፊልም በሁለተኛዋ ላይ ከፈትኩላቸው። ፊልሙ ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ መካካድ ነው። እማማ በአንድ ምሽት ሱሰኛ ሆኑ። «ይቺ ሴትዮ መርዝ ልታጠጣው ነው፣ ሳቋን አልወደድኩትም» ይላሉ፤ በሚቀጥለው ክፍል እውነትም መርዙ ይመጣል።

እኔ በግራ መኪናዬን እነዳለሁ፣ እሳቸው በቀኝ ባለመርዟን ይጠባበቃሉ፣ ሌሊሴ እግሯን ዘርግታ ሁለታችንን ታያለች። እንዴት ያለ ሰላም ነበር! ከዚያ መኪናዬ መንቀራፈፍ ጀመረች። ልቀድም ስል ቀጥ፣ ልታጠፍ ስል ቀጥ። ከጎኔ ያልፉኝ የነበሩት መኪኖች ሳይሆን የቡልቡላ ጋሪዎች ይመስሉኝ ጀመር፤ እነሱም ቀደሙኝ።

ወዲያው ብሩክን ጠረጠርኩ። ያሮጌ ካርድ ቅርፊት አጥቦ አዲስ ብሎ ሸጦልኝ ይሆናል አልኩ። ከዚያ «ያን ጊዜስ ደህና ነበረች፤ ቫይረስ ሊያጠፋልኝ ኮምፒውተሩን ሱቁ የወሰደ ጊዜ ለውጧት ይሆናል» አልኩ። የኮምፒውተሩን ሆድ ከፍቼ ካርዷን አገላብጬ አየሁ፣ አሸተትኳት፤ ሁለተኛ እንዳትለወጥብኝም በሌሊሴ የጥፍር ቀለም ጠርዟ ላይ ምልክት አደረግሁባት። «የጥፍር ቀለሜን ምን አድርገኸው ነው የሚሸተው?» ብላ ሌሊሴ ስትጠይቀኝ «ምንም» አልኩ። ለነፍሰ ጡር ሚስት በጥፍር ቀለም ጉዳይ «ምንም» ብሎ መመለስ ምን ማለት እንደሆነ ያገባ ያውቀዋል።

ቀጥሎ የታችኛውን ጎረቤት ጠረጠርኩ፣ መብራት ስቦብኝ እንደሆነ። ቀጥሎ የራሴን ጣት ጠረጠርኩ። በመጨረሻ አንድ ቀን ከሥራ ስመለስ ታክሲ ውስጥ ሐሳቡ ብልጭ አለልኝ፦ ጨዋታው የተበላሸው ያቺ ሁለተኛ ስክሪን ከመጣች ወዲህ ነው! ሁለት ስክሪን ማለት ሁለት ሥዕል ነው፤ ሁለት ሥዕል ከአንድ ትሪ ይበላል። በቃ፣ ሌባዬን ያዝኩ።

ቤት እንደገባሁ ለብሩክ ልደውል ፈለግሁ። ሳሎን ብደውል እማማ ይሰሙኛል፤ «ይሄ ሰውዬ ምን ጎደለኝ ይላል?» ብለው እንዳይጠረጥሩኝ መታጠቢያ ቤት ገብቼ በሩን ዘጋሁ። የኮንዶሚኒየም መታጠቢያ ቤት ምስጢር አይችልም። አራቱ ግድግዳ ተቀባብሎ ድምፅህን ከአንተ አስበልጦ ነው የሚያወጣው። እኔ ግን በሹክሹክታ ያወራሁ መስሎኛል።

«ስማ ብሩኬ፣ ነገሩ ገብቶኛል። ሁለተኛዋ ናት። ከመጣች ወዲህ ነው ሰላም ያጣሁት። አዎ፣ ትበላለች! ምንም አትሠራም እኮ፣ ጥግ ላይ ተገትራ ዝም ብላ ትበላለች። ታዲያ ለእኔ ምን ሊተርፈኝ ነው? ኧረ አሮጌ ናት፣ ያረጀ ነገር ደግሞ ሲበላ አይጣል ነው። ቤቱንም አጣበበችው። የለም፣ የለም፣ ነገ ነቅዬ አስወጣታለሁ። ሌሊሴ? እሷ ምን ትላለች፣ ደስ ነው የሚላት።»

ብሩክ «እስቲ ቅዳሜ መጥቼ ልየው፣ እስከዚያ አትንካት» አለኝ። እሺ ብዬ ወጣሁ። እማማ ሶፋው ላይ ነጠላቸውን እስከ አፍንጫቸው ስበው ተቀምጠዋል፤ ፊልሙ ቆሟል። ባለመርዟ አፏን እንደከፈተች ቀርታለች።

ራት ቀረበ። እማማ «ጠግቤያለሁ» አሉ። ጾም አይደለም። በማግስቱም «ጠግቤያለሁ»። ከሻንጣቸው የቡልቡላ ቆሎ አውጥተው ወደ መስኮቱ ዞረው ይቆረጥማሉ። አንድ ጨዋ ሰው አማቱ እህል ስትተው ምን ያስባል? «አሟቸው ይሆን?» ይላል። እኔ ግን «ወጡ ውስጥ ምን አይተው ነው?» ብዬ ወጡን ማሽተት ጀመርኩ። እሳቸው አለመብላታቸውን ጠርጥሬ እኔም እየቀነስኩ መጣሁ። ሌሊሴ ደግሞ ያዘጋጀችውን ምግብ ሁለት ሰው ሲርቀው አይታ ታለቅሳለች። ይህን ሁሉ እያየሁ እንኳ የስልኩ ነገር ትዝ አላለኝም።

ቅዳሜ ጠዋት ከዳቦ ቤት ስመለስ የእማማ ሻንጣ በሩ አጠገብ ቆሟል። ሌሊሴ ሆዷን በሁለት እጇ ደግፋ መሐል ሳሎን ቆማለች።

«እናቴን ምን ብለሃት ነው?»

«እኔ? ምንም።»

«ምንም ምንም አትበለኝ! ‹ጥግ ላይ ተገትራ ትበላለች፣ ነቅዬ አስወጣታለሁ› አላልክም? ‹አሮጌ ናት› አላልክም?»

ዳቦው ከእጄ ወደቀ። «እንዴ! እሷ እኮ ስክሪኗ ናት!»

«ስክሪን ይበላል?»

«ሜሞሪ ትበላለች!»

ሌሊሴ ሆዷን በእጇ መታ አደረገች። «እኔ ዛሬ ነገ ልወልድ ነው። እናቴን ልታባርራት ከሆነ አባርራት። ስክሪን ምናምን እያልክ ግን አትቀልድብኝ።»

እማማ ነጠላቸውን አደግድገው ከሶፋው ተነሡ። «ኢልማ ኮ» አሉኝ፤ ልጄ ማለታቸው ነው፤ ሲቆጡም ልጄ ነው የሚሉኝ። «እኔን መንገድ በላኝ እንጂ እኔ የማንንም ቤት አልበላሁም። ቆሎዬን ይዤ ነው የመጣሁት። ቆሎዬን ይዤ እሄዳለሁ።»

ፈራሁ። እዚህ ላይ ቀልድ የለም፣ በጣም ፈራሁ። እኔ ቀኑን ሙሉ ቦሌ ነኝ፤ አራብሳ ታክሲ እሱ ሲፈልግ እንጂ አንተ ስትፈልግ አይመጣም። እማማ ከሄዱ ሌሊሴ ምጧ ቢመጣ አራተኛ ፎቅ ላይ ብቻዋን ነው የሚመጣባት። ደግሞስ እናትን ከልጇ ደጅ አስከፍቶ መሸኘት ለማን በጀ? በሩን በጀርባዬ ዘግቼ ቆምኩና ስልኬን አወጣሁ፤ ብሩክን «አሁኑኑ ና» አልኩት። ከዚያ ሌሊሴ በመስኮት ተጣርታ ምድር ቤት ያሉትን ጋሽ ደምሴን አስጠራች። ጋሽ ደምሴ ዕድሜያቸውን ፍርድ ቤት ሠርተው ጡረታ የወጡ፣ ከሕንፃው የውሃ ጠብ እስከ ባልና ሚስት ጠብ የሚያስታርቁ ሽማግሌ ናቸው።

ጋሽ ደምሴ ነገሩን ከሁለታችንም ሰሙ። በውሃ፣ በበግ፣ በአጥር ሲያስታርቁ ኖረዋል፤ በሜሞሪ ግን የመጀመሪያቸው ነበር። ሆኖም አልደነገጡም። ወንበራቸውን ወደ ኮምፒውተሩ አዙረው፣ «ተከሳሽ ይህቺ ናት?» አሉ፣ በከዘራቸው ስክሪኗን እየጠቆሙ።

«አዎ ጋሼ፣ በቀኝ በኩል ያለችው።»

«መብላቷን የሚያስረዳ ምስክር አለህ?»

በዚህ መሐል ብሩክ እያለከለከ ገባ። ነገሩን በአጭሩ ነገርኩት። ሳቁን ዋጥ አድርጎ ጨዋታውን ከፈተ፣ ቀጥሎ የካርዷን ሜሞሪ የምታሳይ ትንሽ መስኮት አወጣ። በውስጧ አረንጓዴ መስመር አለች፤ ጫፍ ደርሳለች። «ይኸውላችሁ፣ ትሪው ሞልቷል። አሁን ሁለተኛዋን እነቅላታለሁ። በላተኛዋ እሷ ከሆነች መስመሯ ዝቅ ትላለች።»

ብሩክ ገመዱን ነቀለ። ስክሪኗ ጠቆረች። መስመሯ ትንሽ ነቅነቅ ብላ እዚያው ቀረች።

«መልሰህ ሰካት» አሉ ጋሽ ደምሴ። ሰካት። መስመሯ ያው ናት።

«እሷማ የምትበላው ትንሽ ነው» አለ ብሩክ፣ «እፍኝ አይሞላም።»

«ትንሽ» የሚለውን ቃል ሲሰሙ እማማ ቅንድባቸውን አነሡ። ጋሽ ደምሴ ግን ጉሮሯቸውን ጠርገው፣ «ተከሳሿ በነፃ ተሰናብታለች» አሉና ወደ እኔ ዞሩ። «ታዲያ ‹ትበላለች› ያልካት ማንን ነው?»

ሌሊሴ ታየኛለች። እማማ ሻንጣቸውን ያያሉ። ቀና ሰው ሆኜ ምስክሬ ከዳኝ፤ እውነቱን ተናግሬ ውሸታም ሆንኩ! ባለመርዟ እንኳ እንዲህ አልተጋለጠችም።

ብሩክ በዚህ መሐል ስክሪኑ ግርጌ ላይ አጎንብሶ ቀረ። «ቆይ፣ ቆይ፣ ይሄ ሁሉ ምንድን ነው? እንዴ! ይሄ ሁሉ ፊልም ተከፍቶ ነው እንዴ የምትጫወተው?» አንዱን ዘጋ። አረንጓዴዋ መስመር ዝቅ አለች። ሌላ ዘጋ። ዝቅ አለች። «በላተኞቹ እነዚህ ናቸው! አንዱ ሳይዘጋ ሌላው እየተከፈተ እኮ ነው። ማነው ፊልሙን የሚያየው?»

እግሩን ረገጥኩት። ዘግይቻለሁ። የሁላችንም ዓይን ቀስ ብሎ ወደ እማማ ዞረ።

እንግዲህ ጉዴን እዩልኝ። ሳላውቅ የሰደብኳቸው ስድብ አሁን በምስክር ሊጸድቅ ነው። «እኔ ነኝ!» ብዬ ጮህኩ። «ፊልሙን የማየው እኔ ነኝ፣ በጣም ነው የምወደው!» ማንም አላመነኝም። እማማ ወደ ስክሪኑ ተጠግተው ብሩክ የሚዘጋቸውን ፊልሞች አንድ በአንድ አዩ፤ ያቺ ባለመርዝ በየመስኮቱ ብቅ እያለች ትጠፋለች።

«እኔ ነኝ የማየው» አሉ በዝግታ። «ግን ቆይ። ሲያልቅ ቀዩን ምልክት እንዳልነካ ያለኝ ማነው?»

አዎ፣ የመጀመሪያው ቀን ፊልሙን ስከፍትላቸው «እማማ፣ ሲያልቅ ይቺን ሰረዝ ብቻ ይጫኑ፣ ቀዩን X በምንም ምክንያት እንዳይነኩ» ብያቸው ነበር። ለምን? የቢሮ ፕላኔን በስሕተት ይዘጉብኛል ብዬ ጠርጥሬ። ሰረዟ ፊልሙን ትደብቀዋለች እንጂ አትዘጋውም። እማማም ቃሌን አክብረው ያዩትን ሁሉ አንድም ሳይዘጉ እየደበቁ አከማቹልኝ።

«አንተ ነህ እንዳይዘጉ ያልካቸው?» አሉ ጋሽ ደምሴ።

«እኔ ነኝ።»

ጋሽ ደምሴ በከዘራቸው ወለሉን አንድ ጊዜ መታ አደረጉ። «እንግዲያው ጌታው፣ ራስህን በልተሃል።»

መጀመሪያ የሳቁት እማማ ናቸው። ነጠላቸውን አፋቸው ላይ አድርገው ትከሻቸው ብቻ ይንቀጠቀጣል። ከዚያ ሌሊሴ ሆዷን ይዛ «ኧረ አታስቁኝ፣ እዚሁ እወልዳለሁ» አለች። ብሩክማ መሬት ላይ ነው። እግራቸው ሥር ወድቄ ይቅርታ ጠየቅሁ፤ እማማ «ተነሥ፣ ተነሥ» እያሉ በትከሻዬ ሳቡኝ።

ሌሊሴ ምሳ አቀረበች። እማማ ከልማድ የተነሣ «ጠግቤያ…» ሊሉ ሲጀምሩ ትልቅ ጉርሻ ጠቅልዬ ፊታቸው ቆምኩ። «አፈር ስሆን እማማ፣ ይብሉልኝ!»

ጉርሻውን ሜትር ይዞ እንደመጣ ሰው አዩት። «ትንሽ ነው?»

«የለም እማማ፣ ብዙ ነው።»

አፋቸውን ከፈቱ።

ሌሊሴ የወለደችው በቀጣዩ ሳምንት እኩለ ቀን ላይ ነው። እኔ ቦሌ ነበርኩ። እማማ ምጡን ገና ከፊቷ አውቀውት ጋሽ ደምሴን አስጠርተው፣ ጋሽ ደምሴ ባለመኪና ጎረቤት አስነሥተው፣ እኔ በሰልፍና በመንገድ መዘጋጋት አልፌ ሐኪም ቤት ስደርስ ሁሉም ነገር አልቆ ነበር። እማማ ሴት ልጅ ታቅፈው ጠበቁኝ። ያን ቀን የእማማ ሻንጣ ከበሩ ባይመለስ ኖሮ ምን እሆን ነበር ብዬ ኮሪደር ላይ ቆሜ አለቀስኩ።

ክርስትናው ካለፈ በኋላ እማማ ወደ ቡልቡላ ተመለሱ። ያን ዕለት ማታ ኮምፒውተሩ ጋ ተቀመጥኩ። ፊልሙ ሁሉ ተዘግቷል፣ ትሪው ባዶ ነው። ቀይዋ መኪናዬ ምን አለፋችሁ፣ ነፋስ ሆነች። ቀጥ አትል፣ አትንቀራፈፍ፣ ሁሉን ቀድማ ገባች። ደስ ሊለኝ ሲገባ አልወደድኩትም። ያለምክንያት እንዲህ የሚቀና ነገር ያጠራጥረኛል። ወደ ቀኜ ስዞር ሁለተኛዋ ጠቁራ ተገትራለች፤ ሶፋውም ባዶ ነው።

ፊልሙን እማማ ካቆሙበት ክፍል ከፈትኩት፤ አንዱን ሳልዘጋ ሌላውን፣ ሌላውን ሳልዘጋ ቀጣዩን አስከተልኩ። መኪናዬ መንቀራፈፍ ጀመረች፤ እኔም ልቤ ተመለሰ።

ሌሊሴ ልጇን እያጠባች ከመኝታ ቤት ብቅ አለች። «ማን ሊያየው ነው የከፈትከው?»

«ተይው» አልኳት፣ «ይብላ።»